በከዘራዬ ፋንታ ስለ ደረሰኝ ክላሽ

ለተከበሩ የሰፈራችን የጸጥታ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሕሪ፣ ካርቱም

ክቡር ሆይ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከትከሻዎ የማይወርደው ክላሽዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጉልበቴና ከቅናቴ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ቅናቴን ልዘርዝርልዎ።

አንደኛ፣ ድልድዩን በሚሻገረው ሐፍላ አውቶቡስ ሰባ ስምንት ዓመቴን ይዤ ስሳፈር ማንም ቀና ብሎ አያየኝም፤ ክላሽ ያነገተ ጎረምሳ ሲገባ ግን ሁለት ወንበር ይለቀቃል፣ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለመሣሪያው። መሣሪያው ሪህ እንደሌለበት በትሕትና ላስታውስዎ እወዳለሁ።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴ ሀጀራ ደጃፋችን ላይ ሻይ ስትሸጥ የመጀመሪያው ብርጭቆ የእኔ ነበር። ዛሬ ታጣቂ በመጣ ቁጥር «መርሐባ ልጄ» እያለች ብርጭቆዬን ከእጄ ወስዳ ለእሱ ትሞላለች። ፈርቼ ነው ትላለች። እኔን በአርባ ዓመት ትዳር አንድ ቀን ፈርታኝ አታውቅም!

ሦስተኛው ዋናው ነው። ባለፈው ሐሙስ መሣሪያ በየገበያው በግልጽ ይያዝ ወይስ አይያዝ ብለን እንድንመክር ስለ ጠሩን አመሰግናለሁ። ጠባቂዎ ኢክሪማ ለስብሰባው ደኅንነት ሲል ከዘራዬን በር ላይ ተቀብሎ ግድግዳ አስደገፈው፤ ሃያ ክላሽ ግን ሰላም እያለ አስገባ። ተናጋሪ ቆሞ ይናገር የሚል ደንብ ስላለዎት፣ እኔም ያለ ከዘራ መቆም ስለማልችል፣ «አይያዝ» የሚለው ቃሌ ከእኔው ጋር ተቀምጦ ቀረ። ዝምታዬን «ድጋፍ» ብለው ስለመዘገቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

የዐሱር ሶላት አዛን ሲሰማ ኢክሪማ የራሱን ክላሽ ከከዘራዬ ጎን አስደግፎ ሊሰግድ ገባ፤ ሲወጣ በጥድፊያ የእኔን ከዘራ በቆልማማ እጀታው ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ሄደ። ምን ላድርግ? የቀረልኝን ተመርኩዤ አዘገምኩ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም! የዳቦው ሰልፍ ለሁለት ተከፈለልኝ፣ የሐፍላው ሹፌር «ተፈደል ያ ሐጅ፣ ይቀመጡ» ብሎ የራሱን ወንበር ሊለቅልኝ ምንም አልቀረው፣ ሀጀራም «ጌታዬ» አለችኝ። ስለ ጉልበቴ ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ለመግሪብ ሶላት ልነሣ ስል ብረቱ ሴራሚኩ ላይ ተንሸራቶ ከነክብሬ ዘረጋኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የምሰግደው ተቀምጬ ነው። ኢክሪማን ብጠይቀው መሣሪያው መጥፋቱ እንዳይታወቅበት «የምን ከዘራ?» ብሎ ካደኝ። ስለዚህ ከዘራዬን ይመልሱልኝ፤ ክላሹን በፎጣ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን አናት ላይ አስቀምጬልዎታለሁ።

ለእርስዎም ወንበር፣ ለመሣሪያዎም ወንበር ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።

ቆሞ ሊያከብርዎ ፈልጎ መቆም ያቃተው፣
አብዱልሰላም

ማስታወሻ፦ ኢክሪማን አይቆጡት። ከዘራዬን በሻርፕ ጠቅልሎ፣ ትከሻው ላይ አንግቶ ገበያውን ሲጠብቅ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ሁሉም ወንበር ይለቅለታል፣ የተሰረቀ የለም፣ የተተኮሰበትም የለም። ይህንንም እንደ ልማድዎ «ድጋፍ» ብለው ይመዝግቡልኝ።