አባባን ቁጭ የሚያደርጉ ፊልሞች

ጀሞ፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? ብርድ ሲገባ ወገብሽ እንደሚነሣብሽ ስለማውቅ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቅሽ እሱን ነው። የአሰላ ክረምት ከኛው ይብሳል፤ ልበሺ፣ እሳት አጠገብ ተቀመጪ። እኛ ደኅና ነን። አባባ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፤ ግፊታቸውም ባለፈው ሲለካ አልከፋም። እኔም ከጉንፋን በቀር ምንም አልሆንኩም።

እሑድ ስትደውዪ ቀኑን ሙሉ ምን እንደምንሠራ ጠየቅሽኝ። ዘጋቢ ፊልም እናያለን አልኩሽ። ሳቅሽ። ታድላችሁ፣ እኔ እኮ አንዱን እንኳ ጨርሼ የማይበት ጊዜ የለኝም፣ እስቲ ጥሩ ጥሩዎቹን ምረጪልኝ አልሽኝ። በስልክ ልመልስልሽ አልቻልኩም፤ አባባ አጠገቤ ነበሩ፣ አንቺም ኔትወርኩ አስቸገረኝ ብለሽ ዘጋሽው። ደብዳቤ መሃል ላይ አይቋረጥም ብዬ ይኸው ጻፍኩልሽ። ፊልሞቹን በፍላሽ አስጭኜ ከደብዳቤው ጋር ለአጎታችን ልጅ ለለሊሳ እሰጠዋለሁ። ነገ ወደናንተ ዕቃ ይዞ ስለሚመጣ ያደርስልሻል።

ፊልም ማየት እንዴት እንደጀመርን ግን አታውቂም። በሩን ቆልፊው ያልሽኝን ታስታውሻለሽ። አባባ ለሦስተኛ ጊዜ ማሳቸውን ፍለጋ ወጥተው፣ የቀለበት መንገዱ ላይ ሲኖትራክ ለጥቂት የሳታቸው ጊዜ ነው። ማሳው የለም፤ ጤፍ ይዘሩበት የነበረው ቦታ ላይ የቆመው ሕንፃ ነው። እሳቸው ግን በየሕንፃው መሃል እየዞሩ አላፊ አግዳሚውን በሬዎቼን አያችሁ ወይ ይሉ ነበር። ስለዚህ ቆለፍኩት። የማስተምርበትን ትምህርት ቤትም ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ብዬ ለቀቅሁ። ይኸው አራት ዓመት ሆነኝ።

መጀመሪያ ላይ ቴሌቪዥኑ ራሱ ችግር ነበር። ዜና አንባቢው ጤና ይስጥልኝ ሲል አባባ ከወንበራቸው ተነሥተው ይመልሱለታል፤ ዝም ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ሲያልፍ ይቀየማሉ። ድራማ ስከፍት እንግዳ የመጣ ይመስላቸውና ሰዎቹን ለምን ታቆሚያቸዋለሽ ብለው ይቆጡኛል። አንድ ቀን ከብሎካችን ሥር ፊልም የሚጭነው ዑስማን ጋ ወረድኩና ሰው የማይጮህበት፣ ጥይት የሌለበት ነገር እንዳለው ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና ስለ ውቅያኖስ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ጫነልኝ።

ፍላሹ ላይ መጀመሪያ የምታገኚው እሱ ነው። አንዲት ዓሣ ነባሪ ልጇን ይዛ ከሙቁ ባሕር ወደ ቀዝቃዛው ስትጓዝ ያሳያል። ተራኪው በእንግሊዝኛ ነው የሚናገረው፤ እኔ በኦሮምኛ እየመለስኩ ለአባባ እነግራቸዋለሁ። አማርኛው እየሸሻቸው ነው። ያን ቀን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት። ባሕር አይተው እንደማያውቁ ታውቂያለሽ። መሃል ላይ ይሄ ሁሉ የማን ነው አሉኝ። የማንም አይደለም አልኳቸው።

«ያረሰው የለም?»

«የለም።»

«የሚወስድባቸውም የለም?»

«የለም፣ አባባ።»

ከዚያ ተደግፈው ተቀመጡ፤ ፊልሙ እስኪያልቅ አልተነሡም። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ገላዬን ሳልቸኩል ታጠብኩ። እሱን እዪው፣ ቆንጆ ነው። ግን እንደኔ ሁለት መቶ ጊዜ አትዪው። አሁን ዓሣ ነባሪዋ ለመተንፈስ ብቅ እስክትል እኔ ስንት ጊዜ እንደምተነፍስ አውቃለሁ።

ሁለተኛው ግመል ነጂዎች ጨው ጭነው በረሃ ሲያቋርጡ የሚያሳየው ነው። ግማሹ ድረስ በጣም ጥሩ ነው። ከግማሹ በኋላ አንዲት ግመል ትወድቃለች፣ አትነሣም። አባባ አንዴ አይተውት እስኪመሽ አለቀሱ፤ ስለዚህ ነጂዎቹ ድንኳን ሲተክሉ ሁልጊዜ አጠፋዋለሁ። አንቺ ብቻሽን ስትሆኚ እስከ መጨረሻው እዪው።

ሦስተኛው የኔ ነው። አባባ ሲያዩት ይተኛሉ፣ እኔ ግን ድምፁን ቀንሼ አየዋለሁ። አንዲት ተመራማሪ በረዶ ምድር ላይ ባለች ጎጆ ውስጥ አሥራ አንድ ወር ብቻዋን ትቀመጣለች። ነፋሱን ትለካለች፣ የታሸገ ምግብ ትበላለች፣ ከራሷ ጋር ታወራለች። መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ ይቺስ እንደኔው ናት ብዬ ነበር። በኋላ ሴትዮዋ ወደ ካሜራው ዞራ፣ ማንም አላመጣኝም፣ መርጬ ነው የመጣሁት ትላለች። እሷን ቦታ ወደ ኋላ እየመለስኩ ስንቴ እንደሰማኋት አልነግርሽም። ጠዋት ጠዋት በሩን ወደ ውጭ ገፍታ ትወጣለች፤ ሜዳው ሁሉ ነጭ ነው፣ የምትሄድበት ቦታ የለም፤ ግን ትወጣለች።

አራተኛውን ፍላሹ ላይ አላስጫንኩልሽም። ማንም ሰው መርጦ ቢልክልሽ እንኳ አባባ ባሉበት እንዳትከፍቺው። ሩቅ ምሥራቅ ያለ አንድ የገበሬ መንደር ከተማ ሲሆን የሚያሳይ ነው። ዑስማን ስለ እርሻ መስሎት ነው የጫነው፤ እኔም አላየሁትም ነበር። ዶዘሩ አጥሩን ሲገፋ አባባ ተነሡ። ጫማዬን አሉ። አጠፋሁት፣ ባሕሩን ከፈትኩ፣ አልሆነም። በሩ ጋ ሄደው በከዘራቸው ይደበድቡት ጀመር። ልይዛቸው ስሞክር ዞረው አዩኝና ማን ነሽ አሉኝ። ልጅዎ ነኝ አልኳቸው። ልጄ አሰላ ናት አሉኝ። አንቺን ማለታቸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን ዘበኛዋ ነው የሚሉኝ። ዘበኛዋ ውሃ ስጪኝ፤ ዘበኛዋ በሩን ክፈቺልኝ። በትሕትና ነው የሚጠይቁኝ፣ ስድብ እንዳይመስልሽ። መብራት ሲጠፋማ ከዚህ በቀር ሌላ ንግግር የለንም። እሳቸው ክፈቺልኝ ይላሉ፣ እኔ ትንሽ ይቆዩ እላለሁ፤ እስኪመጣ ድረስ እንዲሁ ነን።

አሁን የምጽፍልሽ የፊልም ነገር አይደለም። ግንቦት 19 ስለሆነው በስልክ የነገርኩሽ እውነት አይደለም። መንገድ ተዘግቶ ታክሲ አጣሁ ብዬሽ ነበር። መንገድ አልተዘጋም።

የአባባን መድኃኒት ልገዛ ባሕሩን ከፍቼላቸው፣ ቆልፌ ወጣሁ። ሁልጊዜ እንደማደርገው ነው፤ ፊልሙ ሳያልቅ እመለሳለሁ። መካኒሳ ፋርማሲው ውስጥ አሥር ደቂቃ አልቆየሁም። ስወጣ የጀሞ ታክሲ ፊቴ ቆሟል፤ ረዳቱ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ይላል። ያ አንድ ሰው እኔ ነበርኩ። አልገባሁም። ዘጋውና ሄደ። እግሬ ወደ አቦ ይዞኝ ሄደና የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀመጥኩ። ጸለይኩ ብልሽ እዋሻለሁ። ሰው ሲያልፍ ነበር የማየው። ከዚያ አንድ ጁስ ቤት ገባሁ። አስተናጋጇ ብቻሽን ነሽ ብላ ጠየቀችኝ፣ አዎ አልኳት። ያን ቃል እንደዚያ ደስ ብሎኝ ተናግሬው አላውቅም። እስፕሪስ አዘዝኩ። ስጨርስ ስልኬን አየሁ፤ ፊልሙ ካለቀ ቆይቷል። ሌላ እስፕሪስ አዘዝኩ።

ወደ ግቢያችን ስገባ ከቤት ከወጣሁ አራት ሰዓት ሊሞላ ነበር። ብሎካችን ሥር ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። ሁሉም ወደ መሬት ያያል። ሰው እንደዚያ ሆኖ የሚቆመው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ እኛ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ነን፣ በረንዳውም አጭር ነው።

አልሮጥኩም። ልነግርሽ የፈለግሁት ይሄንን ነው። ቆምኩና የመድኃኒቱን ፌስታል ከቀኝ እጄ ወደ ግራ አዛወርኩት። ከዚያ በዝግታ መራመድ ጀመርኩ። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። በዚያች ሃያ እርምጃ ውስጥ ደረቴ ላይ የመጣው ድንጋጤ አልነበረም። ስሙን አውቀዋለሁ፤ አልጽፈውም። አንቺም ስንገናኝ አትጠይቂኝ።

መሬት ላይ የነበረው የአባባ ጫማ ነው። ትራስም ነበር፣ ክዳኑ የተጣመመ ድስትም፣ የሳሎኑ መጋረጃም። አባባ ከበረንዳ የጣሏቸው ናቸው። ቀና ስል አባባ ብረቱን ይዘው ቆመዋል፣ አንድ እግራቸውን ወንበር ላይ አድርገዋል። ከኛ በታች ያለችው ጎረቤታችን ሰሀር አፏን በሻርፗ ይዛ ታለቅሳለች። ባለቤቷ አናስ ደግሞ ከታች በሚችላት ኦሮምኛ፣ ጋሽ ቀጄላ፣ በሬዎቹን ሰብስበናቸዋል፣ ሁሉም ገብተዋል፣ እርስዎ ብቻ ወንበሩ ላይ ቁጭ ይበሉ ይላቸዋል። አባባ ቀዩስ ይላሉ። ቀዩም ገብቷል ይላል። ከአንድ ሰዓት በላይ እንደዚያ ሲያወራቸው ነበር አሉ። ሰሀር አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። በሩን ስከፍት አባባ ከበረንዳ ገብተው መሃል ቤት ቆመው ነበር። አዩኝ። ፊታቸው በራ። በስሜ ጠሩኝ። ከስንት ወር በኋላ መሆኑን አትጠይቂኝ።

«እንኳን መጣሽ፣ ልጄ» አሉኝ። «ዘበኛዋ ቆልፋብኝ ሄዳ ነበር።»

እጃቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው። እጃቸው የበረንዳው ብረት ዝገት ነበረበት።

«አባርራታለሁ፣ አባባ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተያት» አሉኝ። «እሷም መውጫ የላትም። መስኮቱ ላይ ቆማ ሁልጊዜ አያታለሁ።»

እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እሳቸው ፀጉሬን ይደባብሱኝ ነበር። እማዬ ከሞተች ወዲህ ማንም እንደዚያ አልነካኝም። ማግስቱን ተመልሼ ዘበኛዋ ሆንኩ።

ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሁለተኛ ቁልፍ ሰሀር ጋ ነው። እኔው ነኝ የሰጠኋት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ሰኞና ሐሙስ ከሰዓት መጥታ አብራቸው ትቀመጣለች፤ እኔ ግን አልወጣም። ብወጣ የምመለስ አይመስለኝም። ቤት ስውል ደግሞ ዓይኔ በረንዳው ላይ ነው፤ ወንበሩን አንስቼ መኝታ ቤት ቆልፌበታለሁ። እህቴ፣ እሳቸው ይወድቁ ይሆን ብዬ ብቻ አይደለም የምጠብቀው። ይሄንን በደንብ አንብቢው።

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ወይዘሮ ኤሌኒ ደውላልኝ ነበር። የባዮሎጂ አስተማሪያቸው ለቃ ከመስከረም ጀምሮ ቦታው ክፍት ነው አለችኝ። አሰብ አድርጌ ልንገርሽ አላልኳትም። እሺ አልኳት።

ስለዚህ አባባ አንቺ ጋ ይመጣሉ። ሦስት ጊዜ በስልክ ጀምሬልሽ ሦስት ጊዜ ሌላ ወሬ አመጣሽ። አንቺ ለምደሻቸዋል፣ እኔን አያውቁኝም አልሽኝ። ተሳስተሻል። ልጄ አሰላ ናት የሚሉት አንቺን ነው። ቤትሽ ምድር ቤት ነው፣ ግቢ አለው፣ ከአጥርሽ ማዶ የሚታረስ መሬት አለ። በአጥርሽ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ቢሉ ማንም አይሞትም። ልጆች እንዳሉሽ አውቃለሁ፣ ወገብሽንም አውቃለሁ። እኔ ደከመኝ ብዬ አይደለም የምለምንሽ፤ ለኔ ብዬ ቢሆን ገና ድሮ እለምንሽ ነበር። ለእሳቸው ብዬ ነው። ከኔ ጋር ይቆዩ ብለሽ አትፍረጂባቸው።

ሐምሌ 12 ቅዳሜ ነው። ለሊሳ በመኪናው ያመጣናል፤ ከቀትር በፊት እንደርሳለን። ልብሳቸውን፣ የመድኃኒታቸውን ወረቀት፣ ከዘራቸውን ይዣለሁ። ሾርባ ሲሰጣቸው ትኩስ አይወዱም። የቀኝ ጆሯቸው አይሰማም፣ በግራ በኩል ተቀመጪ። ሲቆጡ ቀና ብለሽ አትመልሺላቸው፤ ስለ ባሕሩ አውሪላቸው።

ቤትሽን ሰላም ያድርገው። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ወገብሽን ይማርልሽ፣ የዘንድሮው ክረምት በጤና ይለፍልሽ። ያስቀየምኩሽ ካለ ይቅር በይኝ፤ እኔም ይቅር ብዬሻለሁ፣ ከልቤ ነው።

ቅዳሜ ስንደርስ በሩ ተዘግቶ ቢሆን አትጨነቂ፤ ደጅ ላይ እንጠብቅሻለን። አባባ ደጅ ከተቀመጡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ዝናብ እንኳ ቢሆን አይከፋቸውም።

ታናሽ እህትሽ