በማሩና በይርጋ በር መካከል ስላለው ጉድጓድ

ለተከበሩት የከተማችን የቤቶችና የፍሳሽ ጉዳይ ኃላፊ፤
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣ ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፤ ከጤናዎም ሁሉ ይልቅ አፍንጫዎን ይጠብቅልዎ። እኛ የታችኛው ሰፈር ሰዎች አልሐምዱሊላህ አለን፤ አለን ስል ግን ይህን ደብዳቤ እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስ ማለቴ ነው።

ነጂብ ይማም እባላለሁ፤ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ። የምኖረው ከማሩና ከይርጋ ጋር ግድግዳ ተጋርቼ፣ እርስዎ በሚያስተዳድሩት የኪራይ ቤት ነው። ሦስት ቤተሰብ የምንጠቀመው በሁለቱ ሰዎች በር መካከል ያለውን አንድ የሽንት ቤት ሴፕቲክ ታንክ ሲሆን፣ ክዳኑም በባሕር ዛፍ አጣና ተረብርቦ ላዩ በስስ ሲሚንቶ የተለሰነ ነው። ቤቱ የመንግሥት ነውና ማስመጠጡም ሆነ አዲስ ማስቆፈሩ የእርስዎ ሥልጣን ነው፤ እኛ ያለ ፈቃድ ዶማ ብናነሣ ከቤት እንደምንባረር የሚገልጽ ማስታወቂያ በራችን ላይ አስለጥፈውልናል። ስላሰቡልን እያመሰገንኩ ወደ አቤቱታዬ እገባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መጣጭ መኪናው። ታንኩ ሞልቶ በክዳኑ ስንጥቅ መትፋት ሲጀምር ቢሮዎ ብንመላለስ፣ መኪናው ጎማ ስለሌለው መንቀሳቀስ እንደማይችል በትሕትና ተነገረን። አመንን። በዚያው ሰሞን ለወገቤ ሕመም ልታጠብ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ብወርድ፣ ያው ጎማ የሌለው መኪና ከአንድ የእንግዳ ማረፊያ ደጅ ቆሞ ሲመጥ አገኘሁት። ያለ ጎማ ያን ሁሉ መንገድ መውረዱ ተአምር ነውና ሱብሃነላህ ብዬ አለፍኩ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምክርዎ። ይርጋ ለመጨረሻ ጊዜ ሊለምንዎት ሲመጣ እስከ መስከረም እንዲታገሥ መከሩት፤ የሰው ሆድ እስከ መስከረም እንደማይታገሥ ግን ሳይነግሩት ቀሩ። እሱም ቤቱ ከማሩ ቤት ከፍ ስለሚል፣ ዳገት ላይ ያለ ሰው ሁሉ በክረምት የሚያደርገውን አደረገ፤ ዶፍ እስኪወርድ ጠብቆ የታንኩን ጎን በዶማ ነደለና ጎርፍ ይውሰደው አለ። ጎርፉም ወሰደው፤ የወሰደው ግን ማሩ ጓዳ ነው። የማሩ ሚስት አሰለፈች ለአማቷ ተዝካር የሚጠመቀውን የጠላ ብቅል እዚያው ጓዳ ወለል ላይ በቅጠል ሸፍና ታበቅል ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ በእኛ ሰፈር ግን ሆድ ያወጣው ብቅሉን ፈጀው። የሟች አባቱ የተዝካር ብቅል ሰገራ ላይ ሲንሳፈፍ ያየ ልጅ ምን እንዲያደርግ ይጠብቃሉ፣ ክቡርነትዎ? ማሩ ዱላውን አነሣ። የይርጋን ራስ ፈነከተው፤ ሲደግም ዓይኑን አገኘው። ይርጋም እየወደቀ በያዘው ዶማ የማሩን ቅልጥም ከፈለው። ላላቅቃቸው መካከል ገብቼ እኔም ጥርሴን ጭቃው ውስጥ ትቼ ወጣሁ። ደሙና ፍሳሹ አንድ ላይ በደጄ ሲወርድ ያየ ዓይኔ እስከ ዛሬ እህል አላስበላኝም።

ሦስተኛ፣ ስለ ሽምግልናው። ማሩ ታስሮ ወጣ፤ ይርጋ ከሞት ቢተርፍም አንድ ዓይኑ ጠፋ። ይህን የሰሙ የይርጋ ወንድሞች ጠመንጃቸውን አንግተው ከእብናት መጡ። ሽማግሌዎች ተንበርክከው ለመኗቸውና፣ አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሮ የጠቡ ምክንያት እስኪወገድ ድረስ ማንም በማንም ላይ እጁን እንዳያነሣ አስማሉ። ለመሐላው ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ፤ ለሁለቱም ዘመድ ስላልሆንኩና ሁለቱም ስለማይጠረጥሩኝ። ዋስ ማለት እንግዲህ፣ አንዱ ወገን መሐላውን ቢያፈርስ ሌላው ወገን መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ቤት ነው ማለት ነው። ስለዚህ የጉድጓድ ፈቃድ ልለምን እርስዎ ዘንድ ቀረብኩ። ማስተር ፕላኑ ሳይጸድቅ አንድ ክንድ መሬት እንደማይቆፈር ነገሩኝ። ሰው ሊተላለቅ ነው ብልዎ፣ የሰው መተላለቅ የፖሊስ እንጂ የፍሳሽ ጉዳይ አለመሆኑን እያዛጉ አስረዱኝ። የሥራ ድርሻውን እንዲህ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሹም ስለተሰጠን እጅ ነሥቼ ወጣሁ። ከበሩ ውጭ ግን እስክደክም ድረስ ረገምኩዎት፤ መደበቁ ነውር ነው።

አራተኛው ዛሬ ጠዋት የሆነው ነው። ይርጋ በጠፋው ዓይኑ በኩል የነበረውን ስንጥቅ ሳያይ ክዳኑን ረገጠው፤ የበሰበሰው አጣና ተሰበረና አብሮት ገባ። ሚስቱ ፈንታነሽ ኡኡ ስትል ማን ቀድሞ የደረሰ ይመስልዎታል? በይርጋ ዶማ የሚያነክሰው ማሩ ነው። ጋቢውን ወርውሮ ገባበት። መልሶ በሞላው ፍሳሽ እስከ አንገቱ ሰምጦ ይርጋን በትከሻው ሽቅብ ያዘው፤ እኛም በጠፍር እየጎተትን ሁለቱንም አወጣናቸው። ይርጋ ጎድኑ ተሰብሯል። ዓይኑን ያጠፋውን ሰው አንገት አቅፎ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ማሩም በደልሁህ እያለ ጉልበቱን ሲስም፣ የእብናቶቹ ወንድሞች ሳይቀሩ ፊታቸውን አዞሩ። ሽማግሌ ያቃተውን እርቅ የእርስዎ አጣና ፈጸመው፤ አላህ ዋጋዎን ይክፈልዎ።

ከቀትር በኋላም ሰፈርተኛው በደቦ ወጥቶ አዲሱን ጉድጓድ መቆፈር ጀምሯል፤ ማሩ እያነከሰ አፈር ያወጣል። ፈቃድ የለንም። ሊያስቆሙን ከፈለጉ ራስዎ ይምጡ እንጂ የድሃ ልጅ የሆነውን ዘበኛዎን አይላኩብን።

ስለ ጎማ አልባው መኪናዎ፣ ስለ መስከረምዎና ስለ ማስተር ፕላንዎ ውለታዎን መመለስ ባንችልም ለመሞከር ቃል እየገባሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥ ተከራይዎ፣
ነጂብ ይማም፣ ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሽማግሌዎቹ አሁን ማምሻውን ተሰብስበው፣ ማሩና ይርጋ ታርቀዋልና ዋስነቴን አወረዱልኝ። የይርጋ ወንድሞች ወደ እብናት ከመመለሳቸው በፊት የእርስዎ ቢሮ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እንግዳ መንገድ ሲጠይቅ አለማሳየት ነውር ነውና አሳየኋቸው። በእርስዎና በእነርሱ መካከል ዋስ እንድሆን ግን እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም።