በኩሬው ዳር የተደፋው ጣሳ፦ የእትዬ ጣሳ የሕይወት ታሪክ

ሁላችሁም እትዬ ጣሳ እያላችሁ የምትጠሯቸው ውድ እናት ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። በመዝገብ ስማቸው የሚጠራቸው ሰው ቢኖር የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ስለነበረ፣ ይህን ታሪክ የጻፈችው ልጃቸውም አገር ባወቀው ስማቸው መጥራቱን መርጣለች። ስሙ ከየት እንደመጣ የምታውቁ አብራችሁ አስታውሱ፤ የማታውቁ ደግሞ ትንሽ ታገሡ፣ በቦታው ይደርሳል።

ያደጉበት ቤት ሁለት ክፍል ሲሆን፣ አንደኛው ክፍል ቀን ቀን የአባታቸው ሥራ ቤት ነበር። ወለሉ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ አይታጣም፤ መስኮቱ ሥር ደግሞ የእናታቸው የስፌት መኪና ተቀምጦ ከጠዋት እስከ ማታ ይንጣጣል። እናታቸው የልጅ ልብስ ሲሰፉ ጫፉን ሰፋ አድርገው አጥፈው ያስቀሩ ነበር፤ ልጅ ያድጋልና፣ ሲያድግ የሚፈታለት ጨርቅ ይኑረው ብለው። እትዬ ጣሳ ስለ እድገት የተማሩት የመጀመሪያ ትምህርት ይኸው ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። አንዲት ታናሽ እህት ነበረቻቸው፤ በአንድ አልጋ ተኝተው፣ በአንድ ብርድ ልብስ ተጓትተው አብረው አደጉ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1964 ዓ.ም. ጨርሰው የግብርና ኮሌጅ ገቡ። ጓደኞቻቸው ከብትና ዶሮ ሲመርጡ እሳቸው የዓሣ እርባታ መረጡ። ያልሳቀባቸው አልነበረም። ዓሣ እንደሆነ ማንም ሳያበላው ያድጋል፣ ዲፕሎማ ምን ይፈይድለታል? አሏቸው። እሳቸውም “የወንዝ ዓሣ የሚበላውን ራሱ ይፈልጋል፤ በኩሬ የታጎረው ግን የሰው እጅ ነው የሚያየው” ብለው መለሱ። ቀልደኞቹ በኋላ ጡረታ ሲወጡ የዓሣ ጫጩት ፍለጋ የመጡት እሳቸው ዘንድ ነው፤ እትዬ ጣሳም ምንም ሳያነሱባቸው፣ ግን ፈገግታቸውን ሳይደብቁ ሰጧቸው።

በ1968 ዓ.ም. በዓሣ ማራቢያ ጣቢያ የመኖ ክፍል ተቀጠሩ። ቆርቆሮ የለበሰው ረጅሙ መጋዘን በፉርሽካና በፋጉሎ ከረጢት የተሞላ ነበር። ሽታው ከልብሳቸው አልፎ ከመታወቂያቸው ጋር የተሰጣቸው እስኪመስል ድረስ ስለተዋሐዳቸው፣ አውቶቡስ ውስጥ ከጎናቸው ያለው ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ነበር። ይህንንም እንደ ጥቅማ ጥቅም ነበር የሚቆጥሩት። እዚያ መጋዘን ውስጥ ሆነው ዕድሜ ልካቸውን የተመራመሩት አንድ ጥያቄ ነው፤ ዓሣ ምን ያህል ቢበላ፣ መቼ ቢበላ፣ ማን ቢያበላው ደኅና ያድጋል? አንዱን ኩሬ እስኪጠግብ አብልተው ሌላውን ጥቂት ሳይጠግብ አቁመው ሲመዝኑ፣ የጠገበው ያን ያህል የበለጠ አልነበረም፤ የበለጠው የውሃው ቆሻሻ ነው። ከዚህ በኋላ “አፉን የከፈተ ዓሣ ሁሉ አልራበውም” የሚለው አባባላቸው በጣቢያው ሁሉ ተሰማ። ስብሰባ ሲረዝምባቸውም ይህንኑ ይናገሩ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከፓምፕ ጠጋኙ ጋር ትዳር መሠረቱ። ፓምፕ ጠጋኙ ወደ ጣቢያው የመጡት የተበላሸ ፓምፕ ሊሠሩ ነበር፤ ሠሩትም። በሳምንቱ ደግሞ ተመልሰው መጡ። በሌላው ሳምንትም እንዲሁ። ፓምፑ ግን ከዚያ ወዲህ ተበላሽቶ አያውቅም። ሁለቱ ከቤታቸው ጀርባ የራሳቸውን ኩሬ በአካፋ ቆፍረው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጫጩቶች ጨመሩበት፤ የሰፈሩም ሰው፣ አላፊ አግዳሚውም ቆሞ የሚያየው ኩሬ ሆነ።

በ1979 ዓ.ም. ታናሽ እህታቸው ሌላ ከተማ ሳሉ በአጭር ሕመም አረፉ። እትዬ ጣሳና ባለቤታቸው ለቀብር ሄደው አንድ ሳምንት ያህል ቆዩ። ኩሬውን አደራ ያሉት ለጎረቤታቸው ለሰፈሩ ዘበኛ ነበር። ዘበኛው ጠዋት ጠዋት መኖውን በትነው ይሄዳሉ። ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪዋ ደግሞ፣ ሐዘንተኛ ቤት ማን ያስታውሰዋል ብለው፣ ከጋገራ መልስ ብቅ ይላሉ። ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ሲመጡ ያሳዝኗቸዋል፤ መኖውንም፣ የተረፈ ዳቦም ፈርፍረው ይጥሉላቸዋል። ከሰዓት ላይ ሌላው ጎረቤት መምህሩ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ያው ዓሣ ያንኑ አፉን ከፍቶ ይቀበላቸዋል፤ እሳቸውም “ምስኪኖች፣ ዛሬም አልበሉም” ብለው ይጨምራሉ። ሦስቱም አንዱ የሌላውን አያውቅም። ሰማዩም በዚያ ሰሞን ዳምኖ ነበር፤ ፀሐይ ሲጠፋ ደግሞ ኩሬ ውስጥ ያለው አየር ያንሳል። ያልተበላው መኖ ታች ወርዶ ሲበሰብስ የውሃውን አየር ጨረሰው።

እትዬ ጣሳ የእህታቸውን የስድስት ዓመት ልጅ በእጃቸው ይዘው የደረሱት ኩሬው በሞተ ዓሣ ነጭ በሆነበት ጠዋት ነው። ሦስቱ ጎረቤቶች ዳር ቆመው፣ እኔም አብልቻለሁ፣ ውይ፣ እኔም እኮ አብልቻለሁ ይባባላሉ። እትዬ ጣሳ ልጅቷ ፊት እንዳያለቅሱ ሳምንቱን ሙሉ የያዙትን እንባ እዚያው ኩሬ ዳር ተቀምጠው አፈሰሱት። አልቅሰው ሲያበቁ ቀና ብለው “ምን ልበላችሁ እንግዲህ? በፍቅር ነው የፈጃችሁብኝ” አሏቸው። ዳቦ ጋጋሪዋ ዛሬም በመካከላችን ናቸው፤ አይደንግጡ እማማ፣ ያኔውኑ ይቅር ተብለዋል።

በዚያው ዕለት ነው ጣሳው የተቀመጠው። ኩሬው ዳር ባለው አጭር ግንድ ላይ የመኖ ጣሳ አኖሩና ሕግ አወጡ፦ ያበላ ሰው ጣሳውን በአፉ ይድፋ፤ የተደፋ ጣሳ ያየ ደግሞ ዓሣው ምንም ያህል አፉን ቢከፍት እጁን ይሰብስብ። ማታ ላይ ጣሳውን የሚያቀኑት እሳቸው ብቻ ነበሩ። የሰፈሩ ልጆች ስሙን አወጡላቸው፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ተቀበሉት።

ነገር ግን በዚያ ጠዋት ከዓሣው የከፋ ነገር ሆኖ ነበር። አንዲት የሩቅ ዘመድ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጅቷ እየሰማች “ገደ ቢስ ናት፤ እግሯ ሲገባ የኩሬው ዓሣ አለቀ” አሉ። እትዬ ጣሳ “ኩሬውን የገደለው መኖ ነው እንጂ የልጅ እግር አይደለም፤ እኔ የተማርኩት ለዚህ ነው” ብለው ጃንጥላቸውን አቀብለው ሸኟቸው። ሆኖም ቃሉ አንዴ ተሰምቷል። ልጅቷ መብላት አቆመች።

ያቺ ልጅ ይህን ታሪክ የጻፈችው ልጃቸው ናት።

ጎረቤቱ ሁሉ እንቁላልም፣ ሩዝም፣ ወተትም ይዞ መጣ። አንዴ ለእኔ ስትይ፣ ሞቼልሽ፣ አፍሽን ክፈቺ የማይላት አልነበረም። በተለመነች ቁጥር ጥርሷን ይበልጥ ገጠመች። እትዬ ጣሳ ለማኙን ሁሉ ከቤት አስወጡ። “አዲስ ውሃ የገባ ዓሣ ወዲያው አይበላም። መጀመሪያ ውሃውን ይልመደው” አሉ። መስኮቱ አጠገብ ባለች ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ቁራሽ ዳቦና አንድ ኩባያ ወተት አስቀምጠው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ሰው ልበ ደንዳና ናቸው ብሎ አማቸው። ባለቤታቸው ግን ምስክር ናቸው፤ ልበ ደንዳናዋ በበሩ ስንጥቅ ሲያጮልቁ፣ ዳቦው አለመነካቱን ሲያዩ እጃቸውን ሲነክሱ ደርሰውባቸዋል። የሞተው ዓሣ በሌላ ጫጩት ይተካል። እህታቸው የተዉላቸው ግን አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ እሷን ካጡ እህታቸውን ዳግመኛ መቅበራቸው ነበር።

ኩሬው ውስጥ ጥቂት ዓሦች ተርፈው ነበር። ፓምፕ ጠጋኙ ውሃውን ቀየሩ። ፀሐዩ ወጥቶ ውሃው ሞቅ ሲል እትዬ ጣሳ ልጅቷን ወደ ዳር ወስደው ጣሳውን ሰጧት። ቆንጥራ ጣለች። አንድም ዓሣ አልመጣም። እኔን ፈርተው ነው አለች። እሳቸውም “አንቺን አይደለም። ክፉ ነገር አይተዋል፣ ገና አላመኑም። ነገም እንመጣለን” አሏት። በማግስቱም መጡ፤ አንዱ ብቅ ብሎ ተመለሰ። ቀጥሎ ሦስት አራት ሆነው መጡ። ሲሽቀዳደሙ ስጪ፣ ሲያመነቱ አቁሚ አሏት፤ እሷም አቆመች፣ ጣሳውንም በገዛ እጇ ደፋች። በዚያን ቀን እኩለ ቀን ላይ የበርጩማው ዳቦ ጠፋ። መጀመሪያ የተጠረጠረችው ድመቷ ነበረች፤ ፍርፋሪው የተገኘው ግን የልጅቷ አንገትጌ ላይ ነው። እትዬ ጣሳ አይተው እንዳላዩ አለፉ። ወጥ ቤት ገብተው በሩን ዘግተው እንዳለቀሱ ያወቅነው በኋላ ነው።

ከአንድ ወር በኋላ ዓሦቹን በመረብ አውጥተው መዘኑ። ውሃው ሲጠራና መኖው በልክ ሲሆንላቸው፣ ወደ ኋላ የቀሩት ተስፈንጥረው በጣቢያው ኩሬ ያሉትን እኩዮቻቸውን ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም። እትዬ ጣሳ ለልጅቷ ዓሣውን በሁለት እጃቸው ይዘው አሳዩአት፤ “አየሽ፣ የዘገየ ሁሉ የቀረ አይደለም” አሏት። ዓመቱ ሳይሞላም ልብስ ሰፊዋ አያት የልጅቷን ቀሚስ ጫፍ ፈቱት፤ በሚቀጥለውም ዓመት ፈቱት፤ ከዚያ በኋላ የሚፈታ ጨርቅ አልተረፈም፣ አዲስ ተሰፋላት።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ ጣሳ በ1982 እና በ1985 ዓ.ም. ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ስንት ልጆች አሉዎት ሲባሉ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ “ሦስት፤ ትልቋ ሴት ናት” ይሉ ነበር። የእህቴ ልጅ የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

በ2001 ዓ.ም. በጡረታ እስኪገለሉ ድረስ ብዙ ዓሣ አርቢዎችን አሠልጥነዋል። በደመና ቀን ቀንሱ፣ ለጫጩት ጥቂት ጥቂት ደጋግማችሁ ስጡ፣ ዓሣውን ከማጓጓዛችሁ በፊት አስጹሙ፣ ከሁሉ በፊት ግን ቆማችሁ እዩ ይሏቸው ነበር። ሳያይ የሚበትን ሰው ሲያገኙ ቁጣቸው አይጣል ነው። ከቁጣው በኋላ ግን ምሳ ጋብዘው ነበር የሚሸኙት፤ ለሰው ሲያቀርቡ ልክ የሚባል ነገር አያውቁም።

በ2016 ዓ.ም. በጨጓራ ሕመም አልጋ ያዙ። እዚህ ላይ፣ ወዳጅ ዘመዶች፣ እናንተም ትታማላችሁ። ያኔ ኩሬው ላይ የሆነው መኝታ ቤታቸው ውስጥ ተደገመ። አንዱ ሾርባ፣ አንዱ ወተት ይዞ ይገባል፤ አንዴ ለእኔ ሲሉ ይላቸዋል፤ እሳቸውም ሰው ላለማስቀየም ይጎርሱና ሲሠቃዩ ያድራሉ። በመጨረሻ ልጃቸው ሌላ ጣሳ ገዝታ መኝታ ቤቱ በር ላይ ባለው መደርደሪያ አኖረች፤ ሲበሉም ደፋችው። እትዬ ጣሳ ነገሩ ሲገባቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ በሕመማቸው ወራት እንዲያ ሲስቁ አልታየም። ከዚያ ወዲህ ልጃቸው ትንሿን ማንኪያ አጠገባቸው አስቀምጣ፣ ሳትለምን፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትጠብቃቸው ነበር። እሳቸውም ሲችሉ ይቀምሱ ነበር።

ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው ሳሉ፣ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ፓምፕ ጠጋኙ፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው ስለተሰጧቸው እናት ፈጣሪን ያመሰግናሉ፤ በሕመማቸው ጊዜ ሾርባ ይዛችሁ ለመጣችሁም፣ ጣሳውን አይታችሁ ለተመለሳችሁም ምስጋናቸው አንድ ነው። የሰማዩ አባት ነፍሳቸውን ከጠራ ውሃ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ቆመን የምናይበት ዓይን ይስጠን።

ከቀብር መልስ በኩሬው በኩል ታልፋላችሁ። ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ይመጡባችኋል፤ ያሳዝኗችኋልም። እባካችሁ ስለ እሳቸው ብላችሁ ምንም አትጣሉላቸው። ዛሬ ፀሐዩ ሞቅ እንዳለ ልጃቸው አብልታቸዋለች። ጣሳው ተደፍቷል።