ባቡሩ ከግድግዳው ወዲያ

ኅዳር 4
ገበያ ወጣሁ። ድንቹ ከደጋው ከገሳይ የመጣ ነው አሉ፤ ግማሹ የበሰበሰ። ስመለስ ተከራዬ ምሕረትአብ ያቺን ባቡሩን ጀምሯታል። ጉርርር… ጉርርር… ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ጢሙን ያሳደገ ሰው፣ ክንድ በማታህል ባቡር ይጫወታል! ድሬዳዋ ነው ያደገው፤ አባቱ ባቡር ነጂ ነበሩ አሉ። እኔን ምን አገባኝ? ቁጭ ብል አልሆነልኝም፣ ጋደም ብል አልሆነልኝም። ግቢውን ስዞር ዋልኩ።

ኅዳር 6
ፈንታነሽ ዛሬም አልፋኝ ሄደች። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከኋላዬ ነበረች፤ ዞር ስል አየኋት። አንድ ቃል የለም። የስንት ዘመን ጎረቤት… ልጄን ስቀብር ከጎኔ ያልተለየች… አሁን እንደ ባዳ። ከፍልሰታ ወዲህ እንዲህ ናት። ምን በደልኳት? ማኅበር ላይ ከሴቶቹ ጋር እያንሾካሾከች ትስቃለች። በእኔ ነዋ። በማን ሊሆን ነው?
ፊደል የቆጠርኩት ሃምሳ ካለፈኝ ወዲያ ነው። ደግ አደረግሁ። ለወረቀት ካልሆነ ለማን ላወራ?

ኅዳር 7
ዛሬም ባቡሩ። እግሬ አላርፍ አለ።

ኅዳር 9
ሄጄ በሩን ደበደብኩ።
«ቤት ነው ያከራየሁህ፣ ጣቢያ አይደለም!»
ሳቀ። ደግሞ ይስቃል።
«ይቅርታ እማማ አሰለፈች፣ ይግቡ፣ ይግቡ። ለአባቴ ነው። ለገና ልወስድላቸው ነው። እንደ ድሮው ባቡራቸው ካልጮኸ፣ ይሄ ፍየል ነው ይሉኛል።»
ለካ ድምፁ አንድ አይደለም። ሞተሩ ለብቻው፣ ጡሩንባው ለብቻው፣ ደወሉ ለብቻው። በእጁ በያዛት መቆጣጠሪያ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ያደርጋል። ልኩን ካላገኘ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል አለኝ።
«ሞተሩን ዝቅ አድርገው፤ እሱ ነው የሚያናውጠኝ» አልኩት። አደረገ። እስኪ እናያለን…

ኅዳር 12
ጠራኝ። «እማማ፣ እስኪ ይስሙልኝ። የእኔ ጆሮ ለምዶታል።» ተቀመጥኩ። ድመቴም ተከትላኝ ገባች።
ሞተሩን ብቻ አሰማኝ። ሰማሁ። ጡሩንባውን። ሰማሁ፤ አስደነገጠኝም። ከዚያ ባቡሯ ዝም አለች።
«ይሄስ በዛ?»
«አሁንማ አጠፋኸው። እሰይ!»
መቆጣጠሪያውን አየ፣ እኔን አየ።
«እማማ… ደወሉ እየጮኸ እኮ ነው።»
«በእኔ ነው የምትቀልድ?»
ከፍ አደረገው። ምንም። ደግሞ ከፍ አደረገው። ድመቷ ብድግ አለች። ጆሮዋን አቁማ ጠረጴዛው ላይ አፈጠጠች። ለእኔ ግን… ምንም።
«ወሩ ሲያልቅ ቤቴን ልቀቅ!» ብዬው ወጣሁ።

ኅዳር 13
ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር አጋጨሁ። የሰማሁ መሰለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ እንደገና አጋጨሁ… ለካ የሰማሁት በዓይኔ ነው።
ወፎቹስ? ጠዋት ጠዋት ጥዱ ዛፍ ላይ የሚንጫጩት። ብርዱ አባሯቸው ነው እል ነበር። ዛሬ ቀና ብዬ አየሁ። አሉ። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።
ፈንታነሽ ድምፅዋ ቀጭን ነው። ከልጅነቷም እንደ ወፍ ነው የምትናገር…
አይ። አይሆንም።

ኅዳር 15
ጾም ገባ። ምሕረትአብን ግቢው ውስጥ አገኘሁት። ሻንጣ ሊገዛ ሊወጣ ነው።
«ተቀመጥ፤ አትለቅም» አልኩት።
«አመሰግናለሁ እማማ» አለኝ። ስለ ጆሮዬ ምንም አላነሣም። ለዚህ ወደድኩት።
«አባትህ ስንት ሆናቸው?»
«ሰማንያን ይዘዋል።»
«እንግዲያ ደወሉን አታሳንስባቸው።»
«ስልክ ስደውልላቸው ያልኩትን ሁሉ እሺ፣ እሺ ይሉኛል። ተስማምተውኝ ይመስለኝ ነበር…»
እኔስ? እኔ እሺ እንኳ አላልኩም። ዝም ብዬ ቂም ያዝኩ።

ኅዳር 18
ሦስቴ እስከ ፈንታነሽ በር ሄጄ ተመለስኩ። ምን እላለሁ? ደነቆርኩ ልበል? ሴቶቹ ሲሰሙ «አሰለፈች አበቃላት» ሊሉ አይደል? የቂመኛ ስም ይሻል ይሆን?

ኅዳር 21
የጽዮን ማኅበር። በርጩማዬን ጎትቼ ፈንታነሽ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ።
«ፈንታዬ፣ ለምንድን ነው የማታናግሪኝ?»
ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ፊቷ ጠቆረ። ድሮ ቢሆን ይሄን ጊዜ ነጠላዬን አንሥቼ እወጣ ነበር።
«ምን አልሽ? ጆሮዬ ደክሟል። አልሰማሁሽም።»
አልኩት። ይኸው አልኩት፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ።
መጀመሪያ አላመነችኝም። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ላይ ጮኸች፦
«በፍልሰታ ደጅሽ ቆሜ ስጠራሽ፣ ስጠራሽ፣ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ገባሽ! አንቺ ትዕቢተኛ!»
ሰማሁ። አንድም ቃል አላመለጠኝ።
«ድገሚልኝ» አልኳት።
ደገመችልኝ። «ትዕቢተኛ» የሚለውን ሁለት ጊዜ።