ከበረዶው ሥር ሦስት ዲግሪ

ኡማናክ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን

ለምወድህ አባዬ፣

ባሕሩ ተራሮች መሀል በገባበት፣ ላዩ እንዲህ በበረዶ በታጨቀ ፊዮርድ ውስጥ፣ የበረዶ ግግሩን ከሥሩ የሚያቀልጠው ሙቀት ከየት ይመጣል? መንጠቆ እያሰርክ እንዲህ ብለህ ስትጠይቅ ትዝ ይለኛል። እማዬ ደግሞ ቀበል አድርጋ፣ «ካንተ ወሬ ነዋ!» ትልህ ነበር።

መልሱን ይዤልህ መጥቻለሁ፤ ግን መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ሚስትህ ሁለት ጥርስ አወጣች! እህቴ ፒፓሉክ እንደ ልማዳችን ለልጇ የሟቿን የእማዬን ስም ካወጣችላት ወዲህ፣ ሰፈሩ ሁሉ ትንሿን ሬጊኔን «የካሌራክ ሚስት» ነው የሚላት። እኔም ሳቅፋት «እማዬ» እላታለሁ። አጎቴ ኢኑቴቅ ደግሞ ጣቱን አፏ ውስጥ ከትቶ ሲነከስ፣ «ዋርሳዬ! ባልሽ ጥሎሽ ቢሄድ እኔ ምን አደረግኩ?» ብሎ ሰውን በሳቅ ገደለው።

አሁን ወደ ሥራዬ። ዲግሪዬን እንደያዝኩ የፊዮርዳችንን ውሃ ሙቀት የሚለካ ቡድን ቀጠረኝ። ባለፈው ሳምንት በአጎቴ ትንሽ ጀልባ ወጣን። ቴርሞሜትሩን ገመድ ላይ አስሬ ዞር ብል፣ እሱ ከሥር ከሥሩ መንጠቆ እያንጠለጠለ የዓሣ ቁራጭ ይሰካበታል።

«አጎቴ! ይኼ እኮ መለኪያ ነው!»

«ቢሆንስ? ባዶ ገመድ ባሕር ላይ ጥዬ አላውቅም። መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

ስንጎትተው መለኪያዬ በሁለት ትልልቅ ሃሊባት መሀል እየተወዛወዘ ወጣ። ዓሣዎቹን ትቼ ቁጥሩን አየሁ፤ ላይኛው ውሃ ዜሮ ገደማ፣ ታችኛው ግን ሦስት ዲግሪ ሙቀት! ለአጎቴ ስነግረው ጀልባው እስኪናወጥ ሳቀ።

«ዩኒቨርሲቲ ብንልክሽ ባሕሩን ገልብጠሽው መጣሽ! ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ ይኼን ምድጃውም ያውቀዋል።»

እልህ ያዘኝ። ለሬጊኔ ጥርስ ድግስ ሰው ሁሉ ፒፓሉክ ቤት ተሰብስቦ የዓሣ ነባሪ ቆዳ ሲያኝክ፣ ረጅም ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቼ ጠረጴዛው መሀል አስቀመጥኩ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ደግሞ ጨው በደንብ በጠበጥኩና በዱር ፍሬ ጭማቂ አቀላሁት፤ ከዚያ በማንኪያ ጀርባ ቀስ እያልኩ ጨመርኩት። ቀዩ ውሃ ሙቀቱን እንደያዘ ቁልቁል ወርዶ ታች ተኛ። «ከአትላንቲክ የሚመጣው ውሃ ይኼ ነው» አልኳቸው፤ «ጨው ስለሚበዛበት ይከብዳል። ከበረዶ የቀለጠው ግን ጨው ስለሌለው ቀልሎ ላዩን ይሸፍነዋል። የታችኛው ተንሸራቶ የግግሩ እግር ሥር ሲደርስ ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው በበረዶው ግድግዳ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ሙቅ ውሃ ከኋላው ይጎትታል።» አጎቴ ብርጭቆውን አገላብጦ አየና ጭልጥ አድርጎ ጠጣው። ፊቱን ብታየው! ሬጊኔ ሳትቀር ሳቀች።

ችግሬ አሁን ነው የሚመጣው፣ አባዬ። በፊዮርዱ አፍ፣ ከውሃው በታች ባለው ጉብታ ላይ፣ ቡድኑ አምና ያሰጠማቸው መለኪያዎች አሉ። በጉብታው ላይ ዓመቱን ሙሉ ምን ያህል ሙቀት እንደገባ የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። የመጸው ማዕበል የበረዶ ተራራዎቹን እየገፋ መጥቶ ጠራርጎ ሳይወስዳቸው በዚህ ወር መነሳት አለባቸው። ከጠፉ የዓመቱ ልፋት ገደል ገባ፤ ቡድኑም ሌላ ፊዮርድ ይመርጣል፣ እኔም ከዚህ መሄዴ ነው። የአጎቴ ጀልባ ክብደቱን አይችልም። ትልልቆቹ ሁሉ ዓሣ ላይ ናቸው። ከባድ ዕቃ ከባሕር የሚጎትት ዊንች ያላት ያንተ ጀልባ ግን የብስ ላይ ቆማለች፤ ቁልፏ ደግሞ ባሕር ማዶ አልቦርግ፣ ካንተ ጋር።

አጎቴን ለመንኩት። «ያለ ቁልፍ ማስነሳት ለኔ ቀላል ነው» አለኝ፤ «ግን የወንድሜን ጀልባ አልሰርቅም። ባለቤቷ ይምጣና ያስነሳት!» ይህን ሲል አልሳቀም።

እማዬን የቀበርን ዕለት «ይኼ ፊዮርድ ቀዝቅዞብኛል» ብለህ ሄድክ። ያኔ አልተከራከርኩህም፤ አልለካሁትም ነበር። አሁን ለክቼዋለሁ።

ባለህበት ጤና ሰጥቶ ያቆይህ፤ ስትነሳም ባሕሩ ለጥ ብሎ ይጠብቅህ። ቁልፉን ነገ ዛሬ ሳትል በፖስታ ላክልኝ። ግን እንደምታውቀው የእኛ ፖስታ ከበረዶ ግግር አይፈጥንም፤ ኪስህ ውስጥ ሆኖ ቢመጣ ይቀድማል። የትኛው እንደሆነ ጻፍልኝ፤ ጀልባዋን እስከዚያው ቀለም እቀባታለሁ።

የምትወድህ ልጅህ፣
ኒቪ