የአባባን ደረት ስትጫኚ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? የእማዬስ ወገብ እንዴት ሆነ? አባባስ ደረጃ ሲወጣ ደረቱን የሚይዘው ነገር ቀነሰለት ወይስ ዛሬም «ደህና ነኝ» እያለ ይሸፋፍንብሻል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ ማለቴ እጄም እግሬም ደህና ነው።

ባለፈው «ሐኪሙ የአባባ ልብ ደክሟል አለን፤ አንተ የአምቡላንስ ሰው ሆነህ ዝም ትላለህ?» ብለሽ ጻፍሽልኝ። እውነትሽን ነው። ዝም ያልኩት የምለው ጠፍቶኝ ነው። እናንተ ሰፈር አምቡላንስ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ልብ ቀጥ ካለ ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም።

ስልጠና ላይ ሳለን ልቡ የቆመ ሰው ደረት መጫንን የምንለማመደው በላስቲክ አሻንጉሊት ነበር። ጋሼ ላስቲክ እንለዋለን። አሰልጣኛችን፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ከኋላችን ቆማ «ጠንከር በል! እያባበልከው ነው እንዴ?» እያለች ታስቀን ነበር። ጋሼ ላስቲክ ግን አጥንት የለውም።

ትናንት ጠዋት አንድ ቤት ተጠራን። አባትየው ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ተዘርሯል፤ በአንቺ ዕድሜ ያለች ልጁ አጠገቡ ተንበርክካ እጁን ይዛለች። የአምቡላንስ ስልክ ተቀባዩ እየነገራት ደረቱን መጫን ጀምራ ነበር፤ ያውም በደንብ። ከዚያ ከእጇ ስር አንድ ነገር ቋ ሲል ሰማች። የጎድን አጥንቱ ነው። የጎዳችው መስሏት ተወችው። እኛ እስክንደርስ ስድስት ደቂቃ ማንም አልነካውም። ከሾፌራችን ጋር እየተፈራረቅን ከግማሽ ሰዓት በላይ ተጫንን፤ አልተመለሰም።

ልጅቷ በሩ ላይ ክንዴን ይዛ «ሰበርኩት እኮ፤ እኔ ነኝ የገደልኩት?» አለችኝ። «በፍጹም፤ አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አልኳት። ባትተወው ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። ይተርፍ ይሆናል። ይህንን እንዴት ብዬ ልንገራት? መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ሾፌሩ፣ ሌላ ጊዜ አፉ የማያርፈው ሰውዬ፣ ሬዲዮኑን አጥፍቶ ነዳ።

ለእሷ ዋሸሁ፤ ለአንቺ ግን አልዋሽም። አባባ ወድቆ ስትጠሪው ካልመለሰ፣ ትንፋሹም ከጠፋ ወይም አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት ብቻ ካደረገው፣ እማዬ አምቡላንስ ትጥራ። አንቺ አልጋ ላይም ቢሆን ወደ ወለል አውርጂው። መዳፍሽን ደረቱ መሃል፣ ሌላውን እጅሽን በላዩ አድርጊና ክንድሽን ሳታጥፊ በኃይል ተጫኚ፤ በሰከንድ ሁለቴ ያህል። አጥንት ሲሰበር ትሰሚ ይሆናል። እማዬም «ልጄ፣ ገደልሽው!» ብላ ትጮህ ይሆናል። አታቁሚ። አጥንት ይጠገናል። ሲደክምሽ እሷ ትተካሽ፤ ስለዚህ ከአሁኑ አሳዪያትና ትራስ ላይ ተለማመዱ። አባባ ምን እያደረጋችሁ ነው ካለ ጥጡን እያፍታታን ነው በሉት።

እማዬን አንገቷን አቅፈሽ ሳሚልኝ። ያቺን ነገረኛ አክስታችንንም ሰላም በያት፤ አልረሳኋትም። ለአባባ ስለዚህ ደብዳቤ እንዳትነግሪው። ብቻ ሸለብ ሲያደርገው ጆሮሽን ደረቱ ላይ አድርጊና አንዴ አዳምጪልኝ፤ የሰማሽውንም ጻፊልኝ።

ወንድምሽ
ከአምቡላንስ ጣቢያው ማረፊያ ክፍል
ረቡዕ ከሰዓት፣ መጋቢት 11 ቀን