በሰልፉ መሀል የነበረው ባዶ ቦታ

የካቲት ፭ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.፣ መተማ

መቀመጥ አቃተኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

አርበኞቹ ከተማውን ነጻ አውጥተው የገቡ ዕለት እኔ ካሜራዬን ታቅፌ ከድንበሩ ማዶ ገላባት ቀርቼ ነበር። ካርቱም ፊልም ማንሳት ከተማርኩ ወዲህ በስሜ የሚወጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ያለ አገባባቸው ምስል ፊልሙ ፊልም አይሆንም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት "ልክ እንደዚያን ቀን አድርጋችሁ እንደገና ግቡልኝ" ብዬ ለመንኳቸው።

እሺ አሉና ከደረቁ ወንዝ ተነሥተው መጡ። በካሜራው ቀዳዳ ሳያቸው፣ ከሽማግሌው ከአያ ፈንታ በስተቀኝ አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ክፍት ነው።

"ተጠጉ!" አልኩ። የሚጠጋ ጠፋ። ደግሜ ጮኽኩ። ፀሐዩ እየከረረ ነው፤ የቀረኝ ፊልም አንድ ጥቅል ብቻ ነው። ነደደኝ። በቅሎ ጫኛችንን ጠርቼ፣ ጠመንጃ አስይዤ እዚያ ቦታ ላይ አቆምኩት። ገቡ፤ አነሳኋቸው።

ሲያበቃ አያ ፈንታ መጡ። አልተቆጡም።

"ልጄ፣ ልክ እንደዚያን ቀን ግቡ አላልከንም?"

"ብያለሁ፣ አያ።"

"ያን ቀን በቀኜ የነበረው ወንድሜ ነው። ወንዙ ዳር ተመቶ ወደቀ። ቦታውን ሳንነካ ነው ከተማ የገባን።"

ደግሜ እንዳላነሳ የፊልም ጥቅሉ አልቋል። ያነሳሁት ነገ ወደ ካርቱም ይላካል፤ እዚያ ለሚያዩት ሰልፉ ሞልቶ፣ አምሮ ይታያቸዋል።

ዛሬ በካሜራው ካየሁት ሁሉ እውነቱ ያ ባዶ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱንም እኔው ሞላሁት።